ኤሌክትሮን ፈላጊው ሰልፈር ትራይኦክሳይድ

ሰልፈር ትራይኦክሳይድ በአንድ የሰልፈር አተም ዙሪያ ሦስት የኦክስጅን አተሞች የተቀመጡበት ትንሽ ሞለኪውል ነው። ቅርጹ ጠፍጣፋ ነው፤ ኦክስጅኖቹ እንደ ሦስት ጉልቻ እኩል ተራርቀዋል፣ ሰልፈሩ ደግሞ እሳቱ በሚነድበት ቦታ መሐል ላይ አለ። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የመሳብ ኃይሉ ከሰልፈር ይበልጣል። ሦስት ሆነው ከሦስት አቅጣጫ ሲጎትቱት መሐለኛው አተም ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ ሞለኪውሉ ጠፍጣፋ በመሆኑም ከላይም ከታችም የሚከልለው ነገር የለም። ኤሌክትሮን የሚያካፍል ሌላ ሞለኪውል በአጠገቡ ካለፈ ሰልፈሩ ወዲያው ይያያዘዋል። እንዲህ ያለውን አተም ወይም ሞለኪውል እንግሊዛዊው ኬሚስት ክሪስቶፈር ኢንጎልድ በ1930ዎቹ ኤሌክትሮፋይል ብሎ ሰየመው፤ ኤሌክትሮን ፈላጊ ማለት ነው። ፈላጊነት ደረጃ አለው። አንዳንዱ ኤሌክትሮን ፈላጊ እስኪቀርቡት ይጠብቃል፣ አንዳንዱ በሙቀትና በካታሊስት ካልተገፋ አይነቃነቅም። ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ከብርቱዎቹ ወገን ነው።

ንጹሑ በ17 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፣ በ45 ዲግሪ ይፈላል። የመቅለጫው ሙቀት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ቀን የሚያልፍበት ነው። በደብረ ብርሃን ሌሊት ጠጣር ሆኖ ያደረ ብልቃጥ የጣርማ በርን ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የቀወት ወረዳ ቆላ ከተማ ናት፤ በበልግ ማብቂያ ቀትር ላይ ፈሳሹ ወደ መፍያው ይጠጋል። ጥቂት እርጥበት ከገባበት ደግሞ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተቀጣጥለው እንደ ጥጥ ክር ያለ ነጭ ጠጣር ይሠራሉ። ውሃ በብዛት ካገኘው በኃይል ይግላል፣ ይፈናጠራል፣ ነጭ የአሲድ ጉም ይለቃል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ በመደብር የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው ያልቃል። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላ ግን የሱ እጅ ያላረፈበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የልብስ ማጠቢያው ዱቄት፣ የዕቃ ማጠቢያው ላርጎ፣ የቀለም ክር፣ ትናንት ለወባ ይዋጥ የነበረው ክኒን፣ ከዚያም በፊት ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ሁሉ በዚህ ሞለኪውል በኩል ያለፉ ናቸው።

አሠራሩ የሚጀምረው ሰልፈር በማቃጠል ነው። ሰልፈር በሰማያዊ ነበልባል ነዶ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ ይሆናል፤ ክብሪት ሲጫር የሚሸተው ይኸው ሁለት ኦክስጅን ያለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ሦስተኛውን ኦክስጅን መጨመር ግን በራሱ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሁለቱ ጋዞች ተቀላቅለው ቢውሉም ብዙ አይለወጡም። በ1831 እ.ኤ.አ. የብሪስቶል ኮምጣጤ ነጋዴ የነበረው ፔሪግሪን ፊሊፕስ ጋዞቹ በጋለ ፕላቲኒየም ላይ ቢያልፉ ቶሎ እንደሚዋሐዱ አሳየ። ዛሬ በፕላቲኒየም ቦታ የቫናዲየም ኦክሳይድ ገብቷል፤ ሙቀቱም ከ400 ዲግሪ በላይ ነው። የሚገኘው ሰልፈር ትራይኦክሳይድ በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይገባም። ቢገባ ጉሙ ከጭስ ማውጫው ይወጣና አካባቢውን ይበክላል፤ ስለዚህ 98 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ እንዲሟሟ ይደረጋል። በዚህ መንገድ የወፈረው አሲድ ኦሊየም ይባላል። ኦሊየም በልኩ ሲቀጥን የተለመደው ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ሳይቀጥን ሲቀር ደግሞ ሰልፈር ትራይኦክሳይድን ተሸክሞ የሚጓጓዝ ዕቃ ነው።

ኢትዮጵያ የሰልፈር አገር ናት። በዳሎል ቢጫው ድንጋይ ከምድር ወጥቶ ይታያል፤ ከይፋት ቆላ በስተደቡብ ምሥራቅ በአፋር ሜዳ ላይ ያለው የዶፋን ተራራም እንፋሎት የሚተፋና ሰልፈር የሚያወጣ እሳተ ገሞራ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ፋብሪካዎች ዛሬ የሚያቃጥሉት ሰልፈር በአብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። በአገር ውስጥ የዚህ ኬሚስትሪ ቤት አዳማ አቅራቢያ ያለው የአዋሽ መልካሳ የአልሙኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ነው፤ አልሙኒየም ሰልፌቱ ደፍራሽ ወንዝን ለመጠጥ ለማጥራት ይውላል። በዓለም ደረጃ በየዓመቱ ከ250 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ይመረታል፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ገበሬው ዳፕ እያለ የሚጠራው ዓይነት የፎስፌት ማዳበሪያ ነው። ተራው ሰው አሲዱን በቅርብ የሚያውቀው ግን በደሴ መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች፣ ባትሪ ሲሞላ ነው። የባትሪ አሲድ በብዙ ውሃ የቀጠነ ነው፤ ቢሆንም ሱሪ ላይ ከተንጠባጠበ ሳምንት ሳይሞላ ጨርቁ ይበሳል። ያልቀጠነው አሲድ ስኳር ላይ ሲፈስ ነጩ ስኳር መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆንና እየጨሰ ጥቁር ከሰል ሆኖ ያብጣል። አሲዱ ከስኳሩ ሞለኪውል ውስጥ ውሃ የሚሠሩትን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መዝዞ ወስዶ ካርቦኑን ብቻ ትቶታል።

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሰልፈር ትራይኦክሳይድ ዋና ሥራ ከቤንዚን ቀለበት ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ነው። በአማርኛ ቤንዚን የሚለው ስም ሁለት ነገር ይጠራል። ከማደያ የሚቀዳው ነዳጅ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ ኬሚስቱ ቤንዚን የሚለው ደግሞ ስድስት ካርቦን እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ የሠሩበትን አንድ ውሁድ ነው፤ ማይክል ፋራዳይ በ1825 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህንን ነው። በቀለበቱ ላይ የእያንዳንዱ ካርቦን የግል ያልሆኑ ስድስት ኤሌክትሮኖች አሉ፤ እንደ እድር ገንዘብ የሁሉም ናቸው። ይህ የጋራ ሀብት ለቀለበቱ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ በደካማ ኤሌክትሮን ፈላጊ የማይደፈረውም በዚህ የተነሣ ነው። ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ሲቀርብ ግን አንደኛው ካርቦን ከጋራው ኤሌክትሮን ሁለቱን አውጥቶ ከሰልፈሩ ጋር ይተሳሰራል። ለቅጽበት እድሩ ይፈርሳል። ከዚያ ያው ካርቦን ተሸክሞት የነበረውን ሃይድሮጅን ይለቃል፣ በሃይድሮጅኑ ትስስር ውስጥ የነበሩት ኤሌክትሮኖች ወደ ጋራው ይመለሳሉ፣ ቀለበቱም እንደ ቀድሞው ይጸናል። የተለቀቀው ሃይድሮጅን ከሰልፈሩ ኦክስጅኖች በአንዱ ላይ ያርፋል። በሃይድሮጅኑ ምትክ ቀለበቱ ላይ የቀረው ተቀጥላ ሰልፎኒክ አሲድ ይባላል፤ ሂደቱም ሰልፎኔሽን ነው።

ፋራዳይ ቤንዚንን ባገኘ በዓመቱ ይህንኑ ሥራ በናፍታሊን ላይ ሠርቶት ነበር። ናፍታሊን የልብስ ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይበላ የሚቀመጠው ነጭ ፍሬ ነው፤ ሁለት የቤንዚን ቀለበቶች ጎን ለጎን የተጣበቁበት ሞለኪውል ነው። በሰልፈሪክ አሲድ በ80 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሰልፎኒኩ በብዛት ለመገጣጠሚያው ቅርብ በሆነው ካርቦን ላይ ይገባል፤ በ160 ዲግሪ ደግሞ ራቅ ባለው ላይ ይገኛል። ፈጥኖ የሚደረስበት ቦታና ተደላድሎ የሚቀመጥበት ቦታ ለየቅል ናቸውና። ሙቀቱ ሲጨምር ቀድሞ የገባው ተነቅሎ የተሻለውን ቦታ ይይዛል፤ ይህ ሊሆን የቻለው ሰልፎኔሽን ወደ ኋላ የሚመለስ ስለሆነ ነው። ሰልፎኒክ የተቀጠለበትን ቀለበት በቀጠነ አሲድና በእንፋሎት ቢያፈሉት ተቀጥላው ይወልቅና የመጀመሪያው ቀለበት ይገኛል። ኬሚስቶች ይህን ለቦታ መያዣ ይጠቀሙበታል። አንድ ካርቦን እንዳይነካ ሲፈለግ ሰልፎኒክ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ሥራ በቀሩት ካርቦኖች ላይ ይሠራል፣ በመጨረሻ በእንፋሎት ይነሣል። ይህን ያህል ኃይለኛ ሆኖ ይህን ያህል በሰላም የሚለቅ ኤሌክትሮን ፈላጊ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ሞለኪውል ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ራሱ ውሃ አይችልም፤ የተቀጠለበትን ሁሉ ግን ውሃ ወዳድ ያደርገዋል። የቤንዚን ቀለበት ከዘይት ወገን ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። ሰልፎኒኩ ሃይድሮጅኑን ለሶዳ ሲለቅ ግን በሦስቱ ኦክስጅኖች ላይ የተከፋፈለ አሉታዊ ቻርጅ ይቀራል፤ የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ይከቡትና ቀለበቱን ከነጭራው ይዘውት ይሄዳሉ። የሳሙናና የቀለም ፋብሪካዎች ሰልፈር ትራይኦክሳይድን የሚፈልጉት ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ውጤቱ በግልጽ የሚታየው ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው። በሸዋ ሮቢት የሮቢ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ዱቄት ሳሙና ተበትኖ ሲታሽ አረፋው የሚነሣው አንድ ጫፋቸው ዘይት፣ ሌላው ጫፋቸው ውሃ ወዳድ በሆነ ሞለኪውሎች ነው። የዘይቱ ጫፍ የላቡንና የቅባቱን እድፍ ይወጋል፣ የውሃው ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል፤ እድፉ በጥቃቅኑ ተሸፍኖ ከጨርቁ ይለቃል። እንዶድም በዚሁ ዘዴ ነው የሚያጥበው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን አንድ ወገኑ ዘይት መሰል፣ ሌላ ወገኑ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ማጠብ ከማንኛውም ፋብሪካ ይቀድማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ቢልሃርዚያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ መድኃኒት ያገኙትም ከዚህ የልብስ ማጠቢያ ነው።

ከሞራና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራው ተራ ሳሙናም ሁለት ጫፍ አለው። ችግሩ የውሃ ወዳዱ ጫፍ ዓይነት ነው። በኖራ ድንጋይ መሐል ያለፈ ውሃ ካልሲየም ስለሚይዝ ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ውሃው አረፋ አያወጣም፣ ነጩ ልብስ ከታጠበ በኋላ ግራጫ ይመስላል። የሰልፎኒክ ሳሙና ካልሲየምን ይበልጥ ይታገሠዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሱት የጨርቅ ማቅለሚያ ቤቶች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የጉሎ ዘይት በሰልፈሪክ አሲድ ታክሞ ቀይ ቀለም ጥጥ ላይ እንዲይዝ የሚረዳ ዘይት ተሠራ። ጉሎ ለዚህ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም፤ የዘይቱ ሰንሰለት ወገቡ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዘ ቅርንጫፍ አለው፤ አሲዱ ሰልፌቱን የሚያስቀምጠው እዚያ ላይ ነው። በይፋት መንገድ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው፣ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ጉሎ የፋብሪካ ሳሙና አያት መሆኑ ሊታወስ ይገባል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጀርመን ሞራ ሲያጥራት የናፍታሊን ሰልፎኒክን የሳሙና ምትክ አድርጋ ሠራች። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ታይድ የተባለው ዱቄት አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ፣ የሰልፎኒክ ሳሙና ዘመን ተከፈተ።

ዘመኑ አንድ ትልቅ ስሕተት ይዞ መጣ። የዘይቱ ጫፍ እንዲሆን ቤንዚን ቀለበት ላይ ይንጠለጠል የነበረው ሰንሰለት ከርካሽ የነዳጅ ጋዝ ስለሚሠራ እንደ እሾህ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የበዛበት ነበር። ያጥባል፤ ግን የወንዝ ባክቴሪያ ሊበላው አይችልም። ባክቴሪያው ሰንሰለቱን ከጫፉ ጀምሮ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ነው የሚበላው፤ ቅርንጫፍ ሲያጋጥመው ይቆማል። በ1950ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ወንዞች ከፏፏቴያቸው ሥር የአረፋ ተራራ ይሸከሙ ጀመር፣ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አረፋ ይደፍቅ ነበር። ጀርመን በ1961 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎችም በ1965 እ.ኤ.አ. ቅርንጫፍ ወደሌለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ተዛወሩ። ዛሬ በገበያ ያለው ሰልፎኒክ በአብዛኛው ከ10 እስከ 13 ካርቦን የሚደርስ ቀጥ ያለ ሰንሰለት የተቀጠለበት ነው። ኦክስጅን ባለበት ወራጅ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይበላዋል። በቆመና በሞተ ውሃ ውስጥ ግን አይበላውም፤ ሳሙና የበዛበት የልብስ ውሃ ወደ ቆመ ኩሬ መድፋት መልካም የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰልፎኔሽኑ ፋብሪካ ውስጥ የሚካሄድበት መንገድ የሰልፈር ትራይኦክሳይድን ጠባይ በደንብ ያሳያል። ሙቀቱ ካልተገታ ዘይቱ ይቃጠላል፣ ሳሙናውም ይጠቁራል። ስለዚህ ዘይቱ ዲያሜትራቸው 25 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 6 ሜትር ገደማ በሆነ ቀጫጭን ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ እንደ ላብ በስሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመሐል ደግሞ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ በደረቅ አየር ተበርዞ፣ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ሆኖ አብሮት ይነፍሳል። ከቧንቧው ውጭ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞራል። አየሩ መድረቅ አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት ሰልፈር ትራይኦክሳይዱ ከዘይቱ በፊት ከውሃው ጋር ይጋባል። ከቧንቧው ሥር የሚጠራቀመው ቡናማ፣ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሳሙና ሠሪዎች ሰልፎኒክ የሚሉት ይኸው ነው።

ፈሳሽ ሳሙና ማምረት በአነስተኛ ካፒታል ከሚጀመሩ ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ይህ ኬሚስትሪ በየከተማው አነስተኛ ማምረቻ ውስጥ በዓይን ይታያል። ሰልፎኒኩ ከበርሜል ሲቀዳ እንደ ቀዘቀዘ ማር እየተሳበ ይወርዳል፤ ሽታው ኮምጣጣ ነው፣ እጅ ላይ ከነካ ያቃጥላል። አስቀድሞ ኮስቲክ ሶዳው በብዙ ውሃ ይሟሟል፣ እስኪበርድም ይጠበቃል። ከዚያ ሰልፎኒኩ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በእንጨት መቅዘፊያ ይማሰላል። ቡናማው ውሃ ውስጥ እንደ ደመና ተበትኖ ቆይቶ ሲጠፋ፣ በርሜሉ ሲሞቅ፣ ፈሳሹም ፈዞ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲለወጥ አሲዱና ሶዳው እየተጋጠሙ ነው። በዚህ ጊዜ የፒኤች ወረቀት ይነከራል፤ ወረቀቱ ከቀላ ሶዳ፣ ከሰማየ ሰልፎኒክ ይጨመራል። ቀጥሎ ቴክሳፖን ይገባል። ቴክሳፖንም የሰልፈር ትራይኦክሳይድ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ሰልፈሩ ቀለበት ላይ ሳይሆን በአልኮል ኦክስጅን ላይ መቀመጡ ነው፤ አረፋ ያበዛል፣ ቆዳም ብዙ አያደርቅም። በመጨረሻ የገበታ ጨው በውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ከመቅጽበት ይወፍራል። ጨው የሚያወፍረው ራሱ ወፍራም ስለሆነ አይደለም። ሶዲየሙ የሳሙናውን አሉታዊ ጫፎች ስለሚያረጋጋቸው ሞለኪውሎቹ ከትናንሽ ድቡልቡል ስብስብ ወደ ረጃጅም ትል መሰል ጥቅል ይለወጣሉ፣ ጥቅሎቹም ይጠላለፋሉ። ልምድ የሌለው ሠሪ ወፍራም ሳሙና ጥሩ ይመስለውና ጨው ያበዛል፤ ልኩ ሲያልፍ ጥቅሎቹ ይፈርሱና ሳሙናው እንደ ውሃ ቀጥኖ ይቀራል። ቀለምና ሽቶ ተጨምሮበት በሀይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን ሲቀዳ ስሙ ላርጎ ይሆናል።

አንድ የደኅንነት ጉዳይ እዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። ኮስቲክ ሶዳም ሰልፎኒክም ዓይን ያጠፋሉ። መነጽርና የላስቲክ ጓንት ከሳሙናው ትርፍ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ምንም ነው፤ አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ሰልፎኒክና ኮስቲክ የተቀመጡበት ዕቃም የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ መምሰል የለበትም። በሀይላንድ የተቀመጠ ኮስቲክ ውሃ መስሎት ልጅ ቢጠጣው ጉሮሮው ዕድሜ ልኩን ይጎዳል።

ቀለምም የዚሁ ሞለኪውል ዘርፍ ነው። ከቤንዚንና ከናፍታሊን ቀለበቶች የሚሠሩ አዞ (azo) የተባሉ ቀለሞች በተፈጥሯቸው ውሃ ስለማይወዱ ጥጥ ውስጥ ሊገቡ አይችሉም ነበር። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ የበቃው ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀለም ሁለት ሰልፎኒክ ስላለው በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ጥጡን ያለ ሌላ ረዳት ቀይ አደረገው። ዛሬ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገባው ቀለም ይሁን ሸማኔ ለጥለት የሚገዛው ክር የተነከረበት፣ አብዛኛው የጥጥ ቀለም ሰልፎኒክ አለበት። የከረሜላና የለስላሳ መጠጥ ቢጫ የሆነው ታርትራዚንም እንደዚሁ ሁለት ሰልፎኒክ አለው፤ ውሃ ወዳድነቱ ከመብዛቱ የተነሣ አንጀት ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለሰልሱበት ዘይትም በሰልፈር ትራይኦክሳይድ ወይም በሰልፈሪክ አሲድ የታከመ ነው።

ወደ ወባ ሲመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ይፋት ቆላ የንዳድ አገር ነው፤ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይነሣል። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። በዓመቱ፣ በ1959 እ.ኤ.አ.፣ የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቋመ፤ ዋና መሣሪያውም ዲዲቲ ነበር። ፓምፕ በጀርባው ያዘለ ረጪ ቤት ለቤት እየዞረ ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ከወጣ በኋላ የጭቃውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይረጨው ነበር፤ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ይቀር ነበር። ሰው ነክሳ ከብዷት ግድግዳው ላይ ያረፈች ትንኝ በእግሯ ትነካውና ትሞት ነበር።

ዲዲቲን መጀመሪያ የሠራው ኦትማር ዛይድለር በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ተባይ ገዳይነቱን በ1939 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፓውል ሙለር በ1948 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል። ዲዲቲ የሚገኘው ሁለት የክሎሮቤንዚን ቀለበቶች ከአንድ ክሎራል ጋር ሲያያዙ ነው። ክሎራል ብቻውን ደካማ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው። ወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ ወይም ኦሊየም ሲጨመር ግን አሲዱ ሃይድሮጅን ይሰጠውና ኃይለኛ ያደርገዋል፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ውሃ ጥሎ ሁለተኛውን ቀለበት ይይዛል። በሂደቱ የሚወጣውን ውሃ ኦሊየሙ ወዲያው ይጠጣዋል፣ ሥራውም ወደ ኋላ አይመለስም። ኦሊየሙ ረዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሙቀቱ ከበዛ ራሱ ክሎሮቤንዚኑን ይይዘውና ከዲዲቲው ጎን የማይፈለግ ሰልፎኒክ ይሠራል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሙቀቱን ዝቅ አድርገው ይጠብቁት ነበር። በኢትዮጵያ ዲዲቲ ለርጭት ይዘጋጅ የነበረው በአዳሚ ቱሉ የተባይ ማጥፊያ ፋብሪካ ነው። ትንኞቹ እየተላመዱት በመሄዳቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ በሌላ ኬሚካል ተተካ። የዲዲቲ ሞለኪውል ላይ ውሃ ወዳድ ተቀጥላ የለም፤ ከአፈርና ከስብ ውስጥ ለዓመታት የማይወጣውም፣ በላምና በእናት ወተት ውስጥ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ቆላ ለበሽተኛው የተሰጠው ክኒን ግን ሰልፈሩን ይዞ የቀረ ነው። ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ከሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋር ሲዋሐድ ክሎሮሰልፎኒክ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ብርቱ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው። አሴታኒላይድ ከተባለው ውሁድ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሩ ከቀለበቱ ላይ ከናይትሮጅኑ ፊት ለፊት ባለው ካርቦን ላይ ይቀመጣል። ናይትሮጅኑ አሴታይል በሚባል ተቀጥላ ተሸፍኗል፤ ባይሸፈን ኖሮ ክሎሮሰልፎኒኩ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነበር። ቀጥሎ ክሎሪኑ በአሞንያ ወይም በሌላ ናይትሮጅን ባለው ቀለበት ይተካል፣ በመጨረሻም የናይትሮጅኑ ሽፋን ይነሣል። በአሞንያ ሲተካ የሚገኘው ሰልፋኒላማይድ ነው፤ ፓውል ገልሞ በ1908 እ.ኤ.አ. ለትምህርቱ ሠርቶት ለበሽታ እንደሚጠቅም ማንም ሳያውቅ 27 ዓመት ተቀምጧል። ጌርሃርድ ዶማክ ፕሮንቶሲል የተባለው ቀይ ቀለም የባክቴሪያ በሽታን እንደሚፈውስ በ1935 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ፈዋሹ ቀለሙ ሳይሆን ሰውነት ውስጥ ከቀለሙ የሚላቀቀው ሰልፋኒላማይድ መሆኑን አረጋገጡ።

በአሞንያው ፈንታ ናይትሮጅን ያለው የተሻለ ቀለበት ሲተከል ሰልፋዶክሲን ይገኛል። ፋንሲዳር የተባለው የወባ ክኒን 500 ሚሊግራም ሰልፋዶክሲንና 25 ሚሊግራም ፓይሪሜታሚን ይዟል፤ አዋቂ ሰው ሦስት ክኒን በአንድ ጊዜ ውጦ ይጨርሳል። የወባ ተሕዋስ ለመራባት ፎሌት ያስፈልገዋል፤ ፎሌቱን ራሱ የሚሠራው ፓባ ከተባለ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ሰልፋዶክሲን ፓባን ይመስላል። ተሕዋሱ ፓባ መስሎት ሰልፋውን ሲያነሣ ፎሌት ሠሪው ኤንዛይም ይያዛል፤ ፓይሪሜታሚን ደግሞ በዚያው መስመር ሌላውን ደረጃ ይዘጋል። የሰው ሰውነት ፎሌት ከጎመንና ከጥራጥሬ ያገኛል እንጂ ከፓባ አይሠራም፤ ክኒኑ ተሕዋሱን እየገደለ በሽተኛውን የሚተወው ለዚህ ነው። ሰልፋ የማይስማማው ሰው ግን አለ፤ ቆዳን እስከ መላጥ የሚያደርስ አለርጂ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቃሉ።

ኢትዮጵያ የቀድሞው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን መሥራት ሲሳነው በ1998 እ.ኤ.አ. ፋንሲዳርን ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ መድኃኒት አደረገች፤ ስድስት ዓመት ብቻ ቆየ። ተሕዋሱ የኤንዛይሙን አንድ ሁለት አሚኖ አሲድ ቀይሮ ፓባን ከሰልፋ መለየት ቻለ። ሰልፋዶክሲን በደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ መጠኑ እየቀነሰ በሚሄድበት ጊዜ አዲስ የገባ ተሕዋስ እየተለማመደው ያድግ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ኮአርተም በተባለ መድኃኒት ተተካ። ሰልፋው ግን ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ አልወረደም፤ ከትራይሜቶፕሪም ጋር ተጣምሮ ኮትሪሞክሳዞል ሆኖ፣ ብዙው ሰው ባክትሪም በሚለው ስም፣ ለሽንት ቧንቧ ሕመምና ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የሳንባ ምች መከላከያ ይሰጣል።